የቂጥኝ ባክቴሪያ ዘሩ ሲቆጠር፦ «ማን አስያዘኝ?» እና «አዚትሮ ልውሰድ?»



ቂጥኝ እንዳለባቸው በምርመራ የተነገራቸው ሰዎች በውስጥ መስመር ከሚልኩልኝ ጥያቄዎች ሁለቱ ሁልጊዜ ይደጋገማሉ። አንደኛው «ዶክተር፣ ከማን እንደያዘኝ በምርመራ ማወቅ ይቻላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «መርፌ እፈራለሁ፣ ፋርማሲ ሄጄ አዚትሮ ብወስድስ?» ይላል። የሚገርመው፣ ለሁለቱም መልስ ያለው አንድ ቦታ ነው፦ የባክቴሪያውን ዘረመል እያነበቡ ዘሩን መቁጠር። እኛ እስከ ሰባት ቤት ዘር እንደምንቆጥረው ሁሉ፣ ተመራማሪዎችም አንድ የቂጥኝ ባክቴሪያ ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደመጣና ከዘመዶቹ መቼ እንደተለየ ይቆጥራሉ። ዛሬ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባክቴሪያው ትሬፖኔማ ፓሊደም ይባላል። ፓሊደም በላቲን «የገረጣ» እንደማለት ነው። እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ነው፤ በጣም ከመቅጠኑ የተነሳ በተለመደው ቀለም ተቀብቶ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ፍሪትዝ ሻውዲን እና ኤሪክ ሆፍማን በርሊን ውስጥ ያገኙት በ1905 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሳይንስ ብዙ አስርት ዓመታት ተቸገረ። ለምን መሰላችሁ? ይህ ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ አላድግ አለ። የቲቢውን፣ የጨብጡን ባክቴሪያ ምግብ አዘጋጅተን በሳህን እናሳድጋለን፤ መድኃኒት እንሞክርበታለን። የቂጥኙ ግን ከሰው አካል ከወጣ ብዙም አይቆይም። የሚያስፈልገውን አብዛኛውን ነገር ከእኛ ስለሚወስድ ራሱ የሚሠራበትን ጂን አራግፎታል። ሲበዛ ጥገኛ ነው።

ስለዚህ ምን አደረጉ? በጥንቸል ውስጥ አቆዩት። በ1912 አሜሪካ ውስጥ ቂጥኝ ነርቡን ካጠቃው አንድ ታማሚ ከጀርባው በተቀዳ ፈሳሽ የተገኘው ባክቴሪያ፣ በሐኪሙ ስም ኒኮልስ ተብሎ ከጥንቸል ወደ ጥንቸል እየተላለፈ እስከ ዛሬ አለ። ከመቶ ዓመት በላይ! ስለ ቂጥኝ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚህ ከአንድ ሰው ከተወሰደ ባክቴሪያ የተማርነው ነው። ከጥንቸል ውጭ፣ በብልቃጥ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማሳደግ የተቻለው በ2018 ሂውስተን፣ ቴክሳስ ነው። እዚያም ቢሆን ከጥንቸል የተወሰዱ ሴሎች አብረውት መኖር አለባቸው፤ አንዱ ሁለት ለመሆንም ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አንጀታችን ውስጥ ያለው ኢ ኮላይ በተመቻቸ ሁኔታ ይህንኑ በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል።

የኒኮልስ ዘረመል ሙሉ በሙሉ ተነቦ የወጣው በ1998 ነው። 1.14 ሚሊዮን ገደማ ፊደል አለው፤ የእኛ 3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ግን የአንድን ሰው ታሪክ አንብቦ የአገር ታሪክ አይጻፍም አይደል? የዛሬው ታማሚ የያዘው ባክቴሪያ ከኒኮልስ ጋር ይመሳሰላል ወይ የሚለውን ለማወቅ ከብዙ ሰው፣ ከብዙ አገር ናሙና ማንበብ ያስፈልግ ነበር።

ከአንድ ኩንታል ጤፍ ሰናፍጭ መልቀም

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከታማሚው ቁስል ላይ በጥጥ የሚወሰደው ናሙና ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እጅግ አብዛኛው የሰውየው የራሱ ነው። የባክቴሪያው ድርሻ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ውስጥ እንደገባች እፍኝ ሰናፍጭ ናት። መጀመሪያ ላይ የተሞከረው ከሙሉው ዘረመል ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ማየት ነበር። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ዘዴ አንድ ጂን ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣ ቁራጭ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ ይቆጥርና ከሌሎች ጂኖች ቅርጽ ጋር ያዳምረው ነበር። ጠቅሟል። ግን ሰውን በጫማ ቁጥሩና በቁመቱ ብቻ ለመለየት እንደመሞከር ነው፤ አንድ ዓይነት ጫማ የሚያደርግ ስንት ሰው አለ!

ነገሩን የቀየረው «ማጥመድ» ነው። ከባክቴሪያው ዲኤንኤ ጋር ብቻ ገጥመው የሚጣበቁ አጫጭር ሰው ሠራሽ ቁራጮች ይዘጋጃሉ፤ ናሙናው ውስጥ ይገባሉ፤ የሚፈልጉትን ይይዛሉ፤ ከዚያ በማግኔት ተጎትተው ይወጣሉ። ጤፉ ይቀራል፣ ሰናፍጩ ይወጣል። ጥንቸልም አላስፈለገ። ይህ ዘዴ ከ2016 ወዲህ እየተስፋፋ ሲመጣ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት የተነበቡ ዘረመሎች ወደ መቶዎች አደጉ።

በ2021 የእንግሊዙ ዌልካም ሳንገር ኢንስቲትዩት እና የለንደን የሃይጅንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ከ23 አገሮች የተሰበሰቡ 726 ዘረመሎችን አወዳደሩ። የዓለም ቂጥኝ በሁለት ትልልቅ ቅርንጫፎች ተከፈለ። አንዱ የኒኮልስ ነው። ሌላው ኤስ ኤስ 14 ይባላል፤ በ1977 አትላንታ ውስጥ ከአንድ ታማሚ በተገኘ ባክቴሪያ የተሰየመ ነው። ዛሬ ከተነበቡት ናሙናዎች ብዙውን የያዘው ይኸኛው ነው። ማለትም መቶ ዓመት ያጠናነው አንዱ ቅርንጫፍ ሆኖ ሳለ በብዙ ከተሞች ሰዎችን እያሳመመ ያለው ግን ሌላው ነው።

ሁለተኛው ግኝታቸው ለእኔ ይበልጣል። የዛሬዎቹን ባክቴሪያዎች ዘር ወደ ኋላ ሲቆጥሩት ብዙዎቹ እየተጠጋጉ መጥተው 1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ጥቂት አያቶች ጋ ይገናኛሉ። በዚያን ጊዜ ቂጥኝ በብዙ አገር መንምኖ ነበር። ኤድስ ሰዉን አስፈራው፣ ኮንዶም ተስፋፋ፣ ሕክምናም ተጠናከረ፤ ብዙ ባለሙያዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው። ከዚያ ከ2000 በኋላ ከመንመን የተረፉት ጥቂቶቹ እንደገና ተባዙ፤ በፍጥነትም አህጉር አቋረጡ። እጅግ የሚቀራረቡ ባክቴሪያዎች በውቅያኖስ በተራራቁ አገሮች ተገኙ። ስለዚህ «የድሮ በሽታ ነው» የምንለው ቂጥኝ፣ በሽታው የድሮ ቢሆንም አሁን የሚዞረው ባክቴሪያ የሃያ እና የሠላሳ ዓመት ወጣት ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 8 ሚሊዮን ሰዎች እንደተያዙ ገምቷል። በዚያው ዓመት አሜሪካ ከ200 ሺህ በላይ ታማሚ መዝግባለች፤ ከ1950 ወዲህ ከፍተኛው ነው። ከእናታቸው ተላልፎባቸው ወይም ሞተው የተወለዱ ሕፃናትም እዚያ ከ3,700 በላይ ነበሩ። ሀብታም አገር ነው እንግዲህ የምላችሁ።

እና፣ ማን አስያዘኝ?

ብዙ ትዳር የሚናጋበት ጥያቄ ስለሆነ ግልጽ ላድርገው። ይህ ባክቴሪያ ዘረመሉን የሚቀይረው በጣም በዝግታ ነው። ከ1.14 ሚሊዮን ፊደሎቹ ውስጥ አንዷ ለመቀየር በአማካይ ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። (ሰባት ቤት ያልኩት በከንቱ አይደለም!) የኮሮናን ቫይረስ አስታውሱ፤ በወር ሁለት ገደማ ፊደል ይቀይር ስለነበር ከየት ወደየት እንደሄደ መከተል ይቻል ነበር። የቂጥኙ ግን ከአዲስ አበባ ናዝሬት፣ ከናዝሬት ሐዋሳ በአሥር ሰው ቢያልፍ ዘረመሉ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ የአንተና የእሷ ባክቴሪያ አንድ ዓይነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ «ከእሷ ነው የያዘኝ» ማለት አይቻልም። ሁለታችሁም ከሌላ ሰው፣ በተለያየ ዓመት፣ ያንኑ ባክቴሪያ ልታገኙት ትችላላችሁ። የዘረመል ንባብ የሚችለው ተቃራኒውን ነው፤ ሁለቱ ባክቴሪያዎች በግልጽ ከተለያዩ አንዱ ለሌላው እንዳላስተላለፈ ያሳያል። እንግሊዝ አገር በተሠራ ጥናትም ጥቅሙ በዋናነት ይኸው ነበር፣ ዝምድና የሌላቸውን መለየት። ደግሞም ይህ የምርምር ሥራ እንጂ ክሊኒክ ሄዳችሁ የምታዙት ምርመራ አይደለም። «በዲኤንኤ ማን እንዳስያዘህ እንነግርሃለን» የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የደም ምርመራውም ቢሆን ቀን አይናገርም። ቁስሉ ባክቴሪያው ከገባ በአማካይ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይወጣል፣ እስከ ሦስት ወር ሊዘገይም ይችላል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ከውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ ያልፋል። ከዚያ በሽታው ያለምንም ምልክት ለዓመታት ይደበቃል። አንዳንዱ የምርመራ ዓይነት ደግሞ ድሮ ታክሞ የዳነ ሰው ላይም ዕድሜ ልክ «አለ» ይላል። ሚስት በእርግዝና ምርመራ ተገኘባት ማለት ትናንት ወጣ ብላ ይዛው መጣች ማለት አይደለም፤ ከጋብቻ በፊት ከማንኛቸውም ጋር የነበረ ሊሆን ይችላል። እኔ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው፦ ሁለታችሁም ተመርመሩ፣ ሁለታችሁም ታከሙ፣ ፀቡን ለሌላ ቀን አቆዩት።

የአዚትሮ ነገር

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። አዚትሮማይሲንን የሚመርጡ ሰዎችን አልፈርድባቸውም። የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያማል፣ ቂጥ ላይ ነው፣ ጤና ባለሙያ ፊት ልብስ ማውለቅ አለ። አዚትሮ ክኒን ነው፤ ፋርማሲው ምንም ሳይጠይቅ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ሕክምናውም ራሱ አንድ ሰሞን ተስፋ ጥሎበት ነበር። በ2005 የወጣ፣ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ታንዛኒያ ምቤያ የተሠራ ጥናት አንድ ጊዜ የሚዋጥ 2 ግራም አዚትሮማይሲን ከመርፌው እኩል እንደሚያድን አሳየ። ደስ የሚል ዜና ነበር።

ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አዚትሮማይሲን ወስደው ያልዳኑ ታማሚዎች መታየት ጀምረው ነበር። ባክቴሪያው ሲመረመር፣ መድኃኒቱ የሚይዝበት ቦታ ላይ፣ ቁጥር 2058 በሚባለው፣ አንዲት ፊደል ተቀይራ ተገኘች። ኤ የነበረችው ጂ ሆነች። በቃ፣ መድኃኒቱ የሚይዘው አጣ። በ2004 በወጣው ጥናት ይህች ለውጥ ከሳን ፍራንሲስኮ ናሙናዎች 22 በመቶ፣ ከአየርላንዷ ደብሊን ደግሞ 88 በመቶው ላይ ተገኘች። ያ የ1977ቱ የአትላንታ ታማሚም የአዚትሮ ዘመድ የሆነውን ኤሪትሮማይሲን ወስዶ አልዳነም ነበር፤ የእሱ ባክቴሪያ ላይም ይህችው ለውጥ አለች። ዛሬ ከተነበቡት የኤስ ኤስ 14 ናሙናዎች ብዙዎቹ መድኃኒቱን የተላመዱ ናቸው።

የዘር ቆጠራው የጨመረልን ነገር ይህ ነው፦ ለውጧ አንድ ጊዜ ተፈጥራ ብቻ አልተሰራጨችም። በተለያዩ ቅርንጫፎች፣ በተለያየ ጊዜ፣ ለየብቻዋ ተፈጥራለች። አዚትሮ በብዛት በሚዋጥበት ቦታ ሁሉ እንደገና ልትፈጠር ትችላለች ማለት ነው። ያውስ የሚባለውን የቆዳ በሽታ የሚያመጣው የቂጥኝ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድም ይህንኑ አሳይቷል። ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሊሂር በምትባል ደሴት ለሕዝቡ በሙሉ አዚትሮማይሲን ከታደለ በኋላ መድኃኒቱን የተላመደ ያውስ መገኘቱ በ2018 ተዘግቧል።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። በአገራችን ለትራኮማ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን የስንቱን ዓይን ያተረፈ ነው፤ ዘመቻው ሲመጣ ውሰዱ፣ ልጆቻችሁንም አስወስዱ። እኔ የምቃወመው ለቂጥኝ በግምት የሚዋጠውን ነው።

«ግን እኔ እኮ ወስጄ ድኛለሁ» የሚለኝ አይጠፋም። የቂጥኝ ቁስል ባትታከሙትም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይደርቃል። አዚትሮ ዋጣችሁም፣ ዳማከሴ ቀባችሁም፣ ምንም አላደረጋችሁም፣ ይደርቃል። ባክቴሪያው ግን ገባ እንጂ አልወጣም። ከወራት በኋላ መዳፍና ውስጥ እግር ድረስ የሚደርስ የማያሳክክ ሽፍታ ሆኖ፣ ወይም ከዓመታት በኋላ በልብ፣ በአንጎል፣ በዓይን ሊመለስ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ባሰ፦ አዚትሮም ኤሪትሮም የእንግዴ ልጁን አልፈው ፅንሱን ለማዳን በሚበቃ መጠን አይደርሱም። እናትየዋ ላይ ቢሠሩ እንኳ ልጁ አይታከምም።

ፔኒሲሊን ግን አለ። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ማሆኒ ለቂጥኝ መጀመሪያ የሰጠው በ1943 ነው። ከ80 ዓመት በላይ አልፎ፣ በየአገሩ ይህን ሁሉ ዘረመል አንብበን፣ ፔኒሲሊንን የተላመደ የቂጥኝ ባክቴሪያ አልተገኘም። ጨብጥ ስንት መድኃኒት እንዳሸነፈ ለምታውቁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሽታው ገና ከሆነ አንድ ቀን የሚወሰድ መርፌ ይበቃል፤ ከቆየ ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ በየሳምንቱ አንድ፣ ለሦስት ሳምንት ነው። ነርቭ ወይም ዓይን ከተነካ ሕክምናው ሌላ ነው፣ በሆስፒታል። ነፍሰ ጡር ላልሆነና ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ዶክሲሳይክሊን የሚባል አማራጭ አለ፤ እሱንም ሐኪም ነው የሚያዘው።

አንድ ነገር በመሃል፦ መርፌውን በወሰዳችሁ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት የሚፈጠር ነው፣ በ24 ሰዓት ያልፋል። ብዙ ሰው «ፔኒሲሊን ተጣላኝ» ብሎ ቀሪውን ትቶ አዚትሮ ፍለጋ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁና ቁርጠት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ግን ቤት አትቀመጡ።

ክትባቱስ?

የዘር ቆጠራው ሌላው ትልቅ ጉዳይ ይሄ ነው። ቂጥኝ አንዴ የያዘው ሰው ድኖ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ምክንያቱ በከፊል ባክቴሪያው የሚለብሰው ልብስ ላይ ነው። በሲያትል፣ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እነ ሺላ ሉክሃርት ለዓመታት ያጠኑት ቲፒአርኬ የሚባል ጂን አለ። ሰባት ተለዋዋጭ ቦታዎች አሉት። ባክቴሪያው በሌላ የዘረመሉ ክፍል ካከማቻቸው ቁራጮች እየወሰደ እነዚህን ቦታዎች ይለዋውጣል፤ ልክ ከሳጥን ልብስ እያወጣ እንደሚቀያይር ሰው። የሰውነታችን መከላከያ አንዱን ልብስ ለይቶ ሲያጠቃ፣ ሌላ የለበሰው ይተርፋል። ሌላው ዘረመል በሰባት ዓመት አንድ ፊደል እየቀየረ ሲያዘግም ይህ ጂን በአንድ ሰው አካል ውስጥ ብቻ ብዙ ጊዜ ይቀያየራል።

ክትባት የሚሠሩ ሰዎች ስለዚህ የሚፈልጉት የማይቀየረውን የላይኛ ሽፋን ክፍል ነው፤ በሁሉም ቅርንጫፍ፣ በሁሉም አገር ያው የሆነውን። ይህን ለማወቅ ከየአገሩ ናሙና ያስፈልጋል። በ2024 የወጣ ሰፊ ጥናት ከኮሎምቢያ፣ ከቻይና፣ ከአሜሪካና ከማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ናሙና የሰበሰበው ለዚሁ ነው። ማላዊ መግባቷ ደስ ይላል፤ ምክንያቱም እስካሁን የተነበበው ዘረመል በብዛት የአውሮፓ፣ የሰሜን አሜሪካና የቻይና ነው። በሽታው በርትቶ ያለው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ የአፍሪካ ድርሻ ትንሽ ነው።

ይህ የሆነው በንቀት ብቻ አይመስለኝም። አሠራራችንም አለበት። በእኛ አገር እንደ ብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች የብልት ቁስል ይዞ የመጣ ሰው የሚታከመው በምልክቱ ነው፤ ቁስሉ ላይ ሊኖሩ የሚችሉትን በሽታዎች ሁሉ የሚሸፍን መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ይሄዳል። ለታማሚው ጥሩ ነው፣ በዚያው ቀን ይታከማል። ግን ከቁስሉ ናሙና አይወሰድም። ሌሎቹ ደግሞ የሚገኙት በእርግዝና ክትትል በደም ምርመራ ነው። ያ ምርመራ የሚያየው የሰውነታችንን ምላሽ እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም፤ ቁስል በሌለበት ጊዜ ደግሞ ደም ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በጣም ጥቂት ስለሆነ ዘረመሉን ለማንበብ አይበቃም። ጥቂት የተመረጡ ጤና ጣቢያዎች ከቁስሉ በጥጥ ናሙና ወስደው ቢያስቀምጡ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። የ2058ቷን ፊደል ብቻ ለመፈተሽ እኮ ሙሉ ዘረመል ማንበብም አያስፈልግም፤ ለኮሮና የተገዙት የፒሲአር ማሽኖች ይበቃሉ።

እስከዚያው ለነፍሰ ጡር እህቶቼ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ቂጥኝ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች 1.1 ሚሊዮን እንደነበሩ፣ ከ390 ሺህ በላይ እርግዝናዎችም በዚህ ምክንያት እንደተበላሹ ገምቷል፤ የሞተ ልጅ መውለድ፣ ያለጊዜው መውለድ፣ የታመመ ሕፃን። ምርመራው ከኤችአይቪ ጋር አብሮ የሚሠራ ነው፣ ከጣት ጠብታ ደም ነው፣ ውጤቱም በዚያው ቀን ይደርሳል። ክትትል የምትጀምሩት አምስተኛ ስድስተኛ ወር ላይ ከሆነ ዘግይታችኋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሂዱ። መርፌው ልጁን እንደጠበቀ የሚቆጠረው ከመውለዳችሁ ቢያንስ 30 ቀን በፊት ስትወስዱት ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማት ነፍሰ ጡር ከሆነች ወደ አዚትሮ አትዞርም፤ ሆስፒታል ተኝታ ሰውነቷ ፔኒሲሊንን ቀስ በቀስ እንዲለምድ ተደርጎ ይሰጣታል። ባል አብሮ ካልታከመ ደግሞ መልሶ ስለሚያስይዛት፣ ቀጠሮው ላይ እሱንም ይዛችሁት ሂዱ።

የታከማችሁትም ብትሆኑ በ6 ወርና በዓመት ተመልሳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ። ቪዲአርኤል የሚባለው ምርመራ በቁጥር ይሰጣል፤ 1 ለ 32 የነበረው ወደ 1 ለ 8 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ሕክምናው ሠርቷል። ለዚህ የመጀመሪያውን ውጤት ወረቀት አትጣሉት፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።